ከክብ መጋዝ በስተኋላ ስለሚቆመው ብረት

አባቴ በደብረ ማርቆስ አናጢ ናቸው። ባለፈው ክረምት ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ በክብ መጋዝ ሲሰነጥቁ፣ የተሰነጠቀው ተመልሶ ገጠመና መጋዙን ያዘው፤ ጣውላውም ተወርውሮ ሆዳቸውን መታቸው። ስምንት ቀን ተኙ።

ምክንያቱም ይህ ነው። የመጋዙ የፊት ጥርሶች እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ሲጫኑት፣ የኋላዎቹ ግን ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ጣውላው ሲያጣብቃቸው አንሥተው በሠራተኛው ላይ ይወረውሩታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ በውስጡ ውጥረት ስላለ እንደ ዋንዛ ገር አይደለም።

ስለዚህ ስንጥቁ እንዳይገጥም ከመጋዙ ኋላ ስስ ብረት ይተከላል። ውፍረቱ ከመጋዙ ገላ የበለጠ፣ ጥርሶቹ ከሚቀዱት ፈር ያነሰ ይሁን፤ ገላው 2.2፣ ፈሩ 3.2 ሚሊሜትር ቢሆን 2.5 ይበቃል። ከጥርሶቹም ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ይራቅ።

አስቀድሞ የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀላል! ከዚያም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ደግፎ በግራም በቀኝም ማየት ነው፤ ብረቱ ማስመሪያውን ሳይነካ በሁለቱም ጎን እኩል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። የእኛው ወደ ግራ አዘንብሎ ስለ ነበር ብሎኑን አላልተን ከጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ከሥሩ ሸጎጥን።

የመጀመሪያውን ጣውላ ስንገፋ ስንጥቁ ብረቱን ቆነጠጠው፤ መጋዙ ግን መዞሩን አላቋረጠም። አባቴ አሁንም ወደ ጎን ቆመው ነው የሚገፉት።