ለባለ 250 ኦም ማዳመጫ የሚበቃ ማጉያ

ጥያቄ፦ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦም የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ በላፕቶፔ ስሰማበት ድምፁ ያንሳል፤ ቤዙን ስጨምር ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ገንዘቤ ጥቂት ነውና አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ዳክ (የዲጂታል ድምፅ መለወጫ)?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ የድምፁ ማነስ ከማዳመጫዎ ጉድለት ሳይሆን ከላፕቶፕዎ አቅም የመጣ ነውና አይዘኑ። ይህ ማዳመጫ በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ያህል የሚሰጥ በመሆኑ፣ የሙዚቃው ከፍተኛ ድምፅ ለቅጽበት 110 ዴሲቤል ይደርስ ዘንድ 2.5 ቮልት ግድም ይሻል፤ የብዙ ላፕቶፖች መውጫ ግን ከ1 ቮልት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ገንዘብዎን አስቀድመው በአምፕሊፋየሩ ላይ ያውሉ፤ የላፕቶፕዎ መለወጫ ሹክሹክታ እስካላሰማ ድረስ ዳኩ ይቆይ። ሲመርጡም የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኦም ከማዳመጫው ኦም ስምንተኛ እጅ፣ ማለትም ከ31 ግድም እንዳይበልጥ ያስተውሉ፤ ሲበዛ ቤዙ ያብጣል፣ ጥራቱም ይላላል።

መሰነጣጠቁ ግን ሌላ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። በኮምፒዩተሩ የድምፅ ማስተካከያ ቤዙን 6 ዴሲቤል ከፍ ሲያደርጉ ምልክቱ ከተወሰነለት ዳርቻ ያልፍና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውንም ማናቸውም አምፕሊፋየር ሊመልሰው አይችልምና፣ በዚያው ማስተካከያ ጠቅላላውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ። ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት።

ቤዙን ሳይጨምሩም መሰንጠቁ ከቀጠለ ማዳመጫውን ለጥገና ባለሙያ ያሳዩ። ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ የሚጮህብዎ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂዱ።