የገና ስጦታና ጌጥ ያለ ፕላስቲክ

ጥያቄ፦ ለገና የሚሆን ስጦታ፣ መጠቅለያና የቤት ጌጥ አካባቢን ሳይጎዳ ከመርካቶ እንዴት ሊሰናዳ ይችላል?

መልስ፦ ለስጦታ ሙዳይ፣ ማለትም ከአክርማና ከስንደዶ የሚሰፋ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ፣ ተመራጭ ነው፤ ቡና ወይም ዕጣን ተጨምሮበት ሲሰጥ ራሱ መያዣ ስለሆነ ሌላ መጠቅለያ አያሻውም። ብልጭልጭ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ በመሆኑ እንደ ተራ ወረቀት መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል ያስቸግራል፤ በአንጻሩ ስጦታው ከሸማ ተራ በተገዛ ነጠላ ቢቋጠር፣ መጠቅለያው ከበዓሉ በኋላ ይለበሳል። ለቤት ጌጥ፣ ከፕላስቲክ ሣር ይልቅ የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ሲበሰብስ ወደ ብስባሽ፣ ማለትም አፈር ወደሚያዳብር የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ይለወጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስላጸደቀ፣ ገበያተኛ ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ ይውጣ።