ድብርትና ተስፋ በጋይንት ምድር

በተማሪዎች መካከል የድብርት ነገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «የእምነት ማነስ ነው፤ ጹም፣ ጸልይ፣ ይተውሃል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እምነት ለሕመም ምን ሊረባ፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለናል። የክርስትና ተስፋ ለተከዘ ሰው በእውነት ምን ያደርግለታል? ምሳሌያችንን ከሩቅ አናመጣም፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አገር እንወስዳለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ቤተ ክርስቲያን ተስፋ መቁረጥን ኃጢአት ትለዋለች። ድብርት ግን ሳይጠሩት የሚመጣ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚነሣ፣ ጉልበትን የሚያደቅ ደዌ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው በታመመው ላይ የበደለኛነት ሸክም ይጨምርበታል። ነቢዩ ኤልያስ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን እናገኘዋለን። የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፤ «እምነትህ የት ገባ?» ብሎም አልጠየቀውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው፤ ንግግሩም የመጣው እዚያ ነው። እኛ ግን የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ከአልጋው አልነሣ ሲል ከንግግሩ እንጀምራለን፤ እንጎቻውን እንረሳዋለን።

ወደ ጋይንት እንመለስ። ቁመቱ ከ4000 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ የሚያየው ይህ አገር ድርቅና ረኀብ ደጋግመው የጎበኙት ነው። ይሁን እንጂ ድጓን የሚያስመሰክር ሰው የሚሄደው ወደ ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕትን የሚያስመሰክር ደግሞ ወደ ዙር አምባ። በ6ኛው መቶ ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዙር አምባ እንደሆነ በትውፊት ይተረካል። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ ተገርፎ የሸሸውን ልጅና ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችውን ትል ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የምንሰማው ግን እንደ ትጋት ታሪክ ነው። ልጁ ከዛፉ ሥር ሲቀመጥ ተስፋው አልቆ እንደነበረ ማንም አያነሣልንም።

የበለጠ የሚያስደንቀን መዋሥዕት ነው። በቀብርና በተዝካር የሚዜም ሲሆን ስሙ ራሱ ምልልስ፣ መልስ ማለት ነው፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበለዋል። ሐዘንተኛው ዘምር አይባልም። ድምፅ ባጣበት ቀን ሌሎች ስለ እርሱ ያዜሙለታል። በሠልስት፣ በሰባት፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመትም ሰው ተመልሶ ይመጣል። (የተዝካር ወጪ ገበሬውን እንደሚያራቁት ሳንዘነጋ ነው ይህን የምንለው።) ድብርት ሰውን ነጥሎ ይይዛል፤ ይህ ሥርዓት ግን ብቻውን አይተወውም። እንደ እኛ አሳብ የጋይንት ሰው ተስፋ በመጀመሪያ በልብ ውስጥ የሚሰማ ስሜት አይደለም። ባለቤቱ መያዝ ሲያቅተው ጎረቤት የሚይዝለት ነገር ነው።

ይህ ሁሉ በጽኑ የተፈተነው በ2013 ዓ.ም. ነው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ባወጣው ዘገባ 16 የከተማዋ ሴቶች ተደፍረናል ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። አብዛኞቹ የአካልና የመንፈስ ሕመም እንደ ቀረባቸው ተናግረዋል። ሆስፒታሉ ስለ ተዘረፈና ስለ ተጎዳ የሚገባቸውን ሕክምና አላገኙም። እንግዲህ ለእነዚህ እኅቶች «ጸልዩ» ብሎ መሄድ ምን ይባላል? ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፤ እንዲህ ላለው ሐዘን ግን ሠልስትም አርባም የለውም። እንዲያውም ሐሜት ይጠብቀዋል። የምልልሱ ዜማ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሴቲቱ ትናገራለች፣ የሚቀበላት ይጠፋል።

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚለው ክርክር ያለፈበት ይመስለናል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤድስ መድኃኒት ሲናገሩ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አስተምረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ሥርዓት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየንም።

በገጠሩ ምሥጢር በመጀመሪያ የሚነገረው ለሐኪም ሳይሆን ለንስሐ አባት ነው። ስለዚህ ካህናት በሚሠለጥኑበት ቦታ ሁሉ አንድ ትምህርት እንዲጨመር እንመኛለን፦ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች መጠየቅ፣ ምግብ እንደ ቀመሰች መጠየቅ፣ ሞትን ተመኝታ እንደሆነ ሳይፈሩ መጠየቅ፣ ከዚያም እጅዋን ይዞ እስከ ሐኪሙ ደጅ መሸኘት። ክረምት ሲገባ ወደየአገራችን የምንሄድ ተማሪዎችም ይህንኑ ለየንስሐ አባቶቻችን ብናነሣላቸው የሚቆጡን አይመስለንም፤ የኤልያስን ምዕራፍ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።