ስለ ዘመዱ የድጎማ ማመልከቻ ልቡ ለሚጨነቅ ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት በእንግሊዝ አገር የምትኖር ተማሪ ወይም ሠራተኛ ትሆናለህ። አክስትህ የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቁ፥ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ድጎማ ለመጠየቅ ቅጹን የሞላህላቸው አንተ ነህ። ገንዘቡም ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ ግን በሰርግ ቤት ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ አየሃቸውና፥ «መራመድ ይቸግራቸዋል ብዬ የጻፍሁት ሐሰት ይሆንን?» እያልህ በሌሊት ትጨነቃለህ። ይህ ጭንቀት የሚናቅ አይደለም፤ በሐሰት መመስከር በሸንጎ ፊት ብቻ የሚደረግ አይደለምና፥ በቤት ጠረጴዛ ላይ በብዕርም ይደረጋል። ነገር ግን በአክስትህም በራስህም ላይ ከመፍረድህ በፊት ሕጉ የጠየቀውን እወቅ።

ይህ ድጎማ ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት ይባላል፤ በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረ ነው። የሚሰጠውም ስለ በሽታው ስም ሳይሆን በሽታው በኑሮ ላይ ስላመጣው ችግር ነው። ምግብ ማብሰል፥ መታጠብ፥ መልበስና እነዚህን የመሰሉ 10 የዕለት ኑሮ ተግባሮች፥ ስለ መጓዝና ስለ መራመድም 2 ተግባሮች ይመረመራሉ። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፥ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ይቀበላል። ደመወዝና ሀብት አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ «ሥራ እየሠራ ድጎማ ይበላል» ብሎ ዘመዱን የሚያማ ሰው ሕጉን ሳያውቅ ያማል።

ከሁሉ ይልቅ ይህን አስተውል። አንድ ሰው አንድን ተግባር ይችላል የሚባለው ያለ አደጋ፥ በሚገባ ሁኔታ፥ ባስፈለገው ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ፥ ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ሳያልፍ መፈጸም ሲችል ነው። ችግሩም የሚቈጠረው ከቀኖቹ ከግማሽ በሚበልጡት ሲገኝ ነው። በዚህ ሚዛን ከ20 ሜትር በላይ መራመድ የማይችል ሰው በዚያ ብቻ 12 ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ አክስትህ ከመኪናው እስከ አዳራሹ በር አንድ ጊዜ ሄደው፥ ደግመው እንዳይሄዱ ሕመሙ የሚከለክላቸው ከሆነ፥ ሕጉ ያንን እንደ መቻል አይቈጥርባቸውም። አንተ ያየኸው ከቀኖቻቸው መልካሙን ነው፤ በማግሥቱ በአልጋ ላይ መዋላቸውን አላየህ ይሆናል። ደግሞም የአገራችን ሰው ሕመሙን ይሸሽጋል፤ ጕልበቱ እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት አደሩ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይላል። በእንግዳ ፊት የተባለ ደኅና ነኝ ማስረጃ አይሆንም።

እውነተኛው አደጋ በአስተርጓሚው ብዕር ላይ ነው። አክስትህ «አንዳንድ ቀን ያመኛል» ብለው አንተ «ሁልጊዜ» ብለህ ጽፈህ እንደ ሆነ፥ ወይም «ቀስ ብዬ እታጠባለሁ» ብለው አንተ «ያለ ሰው እርዳታ አይታጠቡም» ብለህ እንደ ሆነ፥ ፍቅርህ ቃላቸውን ለውጦታል። «ለመንግሥት ካላከበዱለት አይሰማም» የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም፤ ነገር ግን ፊርማው የመካሪው አይደለም፥ የአክስትህ ነው እንጂ። በ1992 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዐውቆ የዋሸውን ሰው ይቀጣል፤ ሳያውቅ የተሳሳተ ነገር ያቀረበውም ሰው እንኳ በዚያ ምክንያት ያገኘውን ትርፍ ገንዘብ እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ አንብበው ያላወቁትን ቃል ዕዳ የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ነገሩን ለጎረቤትም ለማኅበርም አታውራ፤ ስምህን ሸሽገህ ለመክሰስም አትቸኵል። የቅጹ ግልባጭ በእጃችሁ ከሌለ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲላክላቸው ይጠይቁ። ከዚያም ሰው በሌለበት ሰዓት፥ ቡናው ካለቀ በኋላ ቀርበህ «አክስቴ፥ የጻፍሁት የእርስዎ ቃል መሆኑን አብረን እንይ» በላቸው። እያንዳንዱን መልስ በአማርኛ አንብብላቸው። «በሳምንት ስንት ቀን? ከሄዱ በኋላስ ምን ይሆናሉ?» ብለህ ጠይቅ። ምናልባት ያሳነስኸውንም ታገኝ ይሆናል፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ችግር ለእኅታቸው ልጅ መናገር ያፍራሉና።

ቃሉ ከእውነት በልጦ ቢገኝ፥ ወይም ከዚያ ወዲህ ተሽሏቸው እንደ ሆነ፥ ለሥራና ለጡረታ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። አስቀድማችሁም ከ1939 ጀምሮ ሕዝብን ያለ ዋጋ የሚመክረውን፥ ምሥጢርም የሚጠብቀውን ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለውን ድርጅት ጠይቁ። አክስትህ ፈርተው እምቢ ቢሉ አትቈጣቸው፤ ነገር ግን ቅጹ እንደ ገና ሲመጣ ያንኑ ቃል በእጅህ አትድገመው። ለምርመራውም፥ አስቀድመው ከጠየቁ፥ መሥሪያ ቤቱ ሌላ አስተርጓሚ እንደሚያቀርብላቸው ንገራቸው።