ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ምን ይነግረናል? የመልካ ጀብዱ መጋዘኖችና ፊዚክስ

ከድሬዳዋ ከተማ መሐል ወጣ ብላ የምትገኘው መልካ ጀብዱ በቅርብ ዓመታት የሰፋፊ መጋዘኖችና የማምረቻ ሼዶች ሰፈር ሆናለች። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዚህ አካባቢ ነው፤ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና በዚሁ ተመርቋል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ሕንፃ ማርጀት የሚጀምረው ተሠርቶ ባለቀበት ዕለት ነው። ለመሆኑ ሕንፃ የሚያረጀው እንዴት ነው? ጉዳቱስ ከፍተኛ ወጪ ከማስከተሉ በፊት ሊታወቅ ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን ከፊዚክስ አኳያ እንመለከታለን።

የሚንቀሳቀስ ጣሪያ

ድሬዳዋ ፀሐይ የሚበረታባት ቆላማ ከተማ መሆኗ ይታወቃል። የአንድ መጋዘን ቆርቆሮ ሙቀት ንጋት ላይ 15፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የርዝመቱን 0.000012 ያህል ይረዝማል። ስለዚህ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ወጥ ቆርቆሮ የሚረዝመው፦

30 × 0.000012 × 50 = 0.018 ሜትር

ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ነው። ሌሊት ተመልሶ ያጥራል። ይህ ዑደት በ10 ዓመት ውስጥ 3,650 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ለእንቅስቃሴው ቦታ ካልተተወለት ቆርቆሮው የታሰረባቸው የቪት ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ይሰፋሉ፤ ከቪቱ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደርቆ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ የምትገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

የውኃው መጠን ምን ያህል ነው?

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 200,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ቶን ውኃ ይሰበሰባል። አሸንዳው በአሸዋና በፌስታል ከተደፈነ ይህ ሁሉ ውኃ ወይ ወደ መጋዘኑ ውስጥ ይገባል፣ ወይ በግድግዳው ወርዶ የመሠረቱን አፈር ያጥባል።

በዚህ አካባቢ ውኃ ከላይ ብቻ አይመጣም። በከተማዋ ደመና ሳይታይ ከደጋው የሚወርድ ዝናብ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ በድንገት ሊሞላው ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ አይዘነጋም። «መልካ» የሚለው ቃልም በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስለዚህ በግቢው ዙሪያ ያለውን የጎርፍ መውረጃ መጥረግ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ለሕንፃው ደኅንነትም የሚያስፈልግ ሥራ ነው።

በኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ

አዲስ ኮንክሪት አልካላይን በመሆኑ በውስጡ ያለውን ፌሮ ከዝገት ይከላከላል። ዳሩ ግን የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይህንን ባሕርይ ያጠፋዋል። የሚዘልቅበት ጥልቀት ከዘመኑ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። በ4 ዓመት 10 ሚሊ ሜትር ከዘለቀ፣ 20 ሚሊ ሜትር ለመዝለቅ 16 ዓመት ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር በግንባታ ጊዜ የፌሮው ሽፋን በግማሽ ቢቀነስ ጥበቃው የሚቆይበት ዘመን ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ለዝገት የሚያስፈልጉት ውኃና ኦክስጅን ናቸው። ደረቅ አየር ዝገትን ያዘገያል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ግን የጎደለውን ውኃ ያቀርብለታል። ዝገት ከተነሣበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ውኃ ያስገባል። እንግዲህ ጉዳት ራሱን እየመገበ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው።

ዴ ሲተር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው «የአምስቶች ሕግ» ይህንን በገንዘብ ይገልጸዋል። በግንባታ ጊዜ በ1 ብር ሊከናወን ይችል የነበረው ጥንቃቄ፣ ጉዳት ሳይጀምር በሚደረግ እንክብካቤ 5 ብር፣ ጉዳት ሲጀምር 25 ብር፣ ጉዳት ሲስፋፋ ደግሞ 125 ብር ይጠይቃል። ቁጥሮቹ ግምታዊ መመሪያ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ አቅጣጫቸው ግን ከላይ ካየነው ጋር ይስማማል።

ምን እንመርምር?

ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ከበልግ በፊትና በሰኔ ከክረምት በፊት ቢደረግ መልካም ነው።

1. ቪቶችን፣ አሸንዳዎችንና የውኃ መውረጃዎችን ማየት፤ የላላውን ማጥበቅ፣ የተደፈነውን መጥረግ።

2. በስንጥቅ ላይ ስስ የጄሶ ልጥፍ አድርጎ ቀኑን መጻፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እንቅስቃሴ አለው ማለት ነው።

3. ዓምዶችን በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተላቀቀው ግን እንደ ከበሮ ሆድ ባዶ ድምፅ ያሰማል።

4. የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በባለሙያ ማስፈተሽ። የላላ ማያያዣ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 50 አምፒር ቢያልፍበት፣ የአምፒሩ ስኩዌር በተቃውሞው ሲባዛ 250 ዋት ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ይፈጠራል። ይህም እሳት ለማስነሣት ሊበቃ ይችላል።

5. የታየውን ሁሉ ከነልኩና ከነቀኑ በመዝገብ ማስፈር። ያለፈው ዓመት ልኬት ከሌለ የዘንድሮው ስንጥቅ ማደጉን ማወቅ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን አይበቃም። በባንግላዴሽ ይገኝ የነበረው ራና ፕላዛ የተባለ የንግድ ሕንፃ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በመሰነጠቁ በታችኛዎቹ ፎቆች የነበሩት ባንክና ሱቆች ወዲያው ተዘጉ። በላይኛዎቹ ፎቆች የነበሩት የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ሕንፃው ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁን ሁሉም አይቶት ነበር። ስለዚህ የምርመራ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው፣ አደጋ ሲታይ ሥራን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው አንብቦ ሲወስንበት ነው። ነገ መሐንዲስ፣ የመጋዘን ኃላፊ ወይም የንግድ ቤት ባለቤት የምትሆኑ ተማሪዎችም ይህንን ከወዲሁ ልብ እንድትሉት እናሳስባለን።