ሁለቱ ፊልጶሶች

በቅዱሳት መጻሕፍት በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ አንባቢ ስሙን ብቻ ይዞ የአንዱን ሥራ ለሌላው እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ይገባዋል። በደሴ «ሚካኤል» ሲባል የመላእክት አለቃ ይሁን ወይም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የሚለየው በነገሩ አገባብ ነው፤ የመጽሐፍም ንባብ እንዲሁ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው፥ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ ማን ነው የሚለውን ነው። አንዳንዶች ከ12ቱ ሐዋርያት አንዱ ይመስላቸዋል። ሐዋርያው ፊልጶስ ግን የቤተ ሳይዳ ሰው ነው (ዮሐ. 1፥44)፤ በዓሉም ኅዳር 18 ቀን ነው። ጃንደረባውን ያጠመቀው ከ7ቱ ዲያቆናት አንዱ ሲሆን (ሐዋ. 6፥5)፥ ከአቡነ አረጋዊ ጋር ጥቅምት 14 ቀን ይታሰባል።

ማስረጃው ከራሱ ከመጽሐፉ ይገኛል። በስደቱ ጊዜ ምእመናን ሲበተኑ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ቀርተዋል (ሐዋ. 8፥1)፤ ይህ ፊልጶስ ግን ወደ ሰማርያ ወርዷል። ደግሞም እርሱ ያጠመቃቸው መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ፥ ጴጥሮስና ዮሐንስ ተልከው እጃቸውን ጭነውባቸዋል (8፥14-17)። ሐዋርያ ቢሆን ኖሮ የእነርሱ መምጣት ስለ ምን ያስፈልግ ነበር? ኋላም ቅዱስ ጳውሎስን በቂሳርያ በቤቱ የተቀበለው ይኸው ፊልጶስ፥ ወንጌላዊና ከ7ቱ አንዱ ተብሎ ተጠርቷል (21፥8)።

ይህን መለየት የአገራችንን ክብር አያሳንስም። ለማዕድ አገልግሎት የተሾመው ዲያቆን ወንጌልን ለኢትዮጵያዊው ማድረሱ፥ ዛሬ በየደብሩ ለሚያገለግሉ ዲያቆናት ታላቅ ትምህርት ነው። እንግዲህ ካህናት ስታስተምሩ፥ ምእመናንም ስታነቡ፥ ስሙን ከአገሩ፥ ከማዕርጉና ከበዓሉ ጋር አገናኝታችሁ መርምሩ።