ለጎንደሩ ታማሚ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ከጎንደር “ካንሰር ነው፤ ኬሞ ይጀምራል ተብሏል” የሚል ስልክ ሲመጣ ውጭ አገር ያለን ብዙዎቻችን ያለንን ሁሉ ባንዴ እንልካለን። አትቸኩሉ። ባንዴ የተላከ ገንዘብ የኬሞው ሁለተኛ ዙር ሳይደርስ በምርመራ፣ በአልጋ ኪራይና በጠያቂ መስተንግዶ ያልቃል። መጀመሪያ የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቶቹን ስምና የዙሩን ብዛት የጻፈበት ወረቀት እና የጤና መድን ደብተሩ ፎቶ ተነሥተው ይላኩላችሁ። ለጡት ካንሰር ከተለመዱት አሰጣጦች አንዱ በየ21 ቀኑ የሚደጋገም ስምንት ዙር ነው፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ በጀታችሁም በዙር ይሁን።

የጤና መድኑን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች፤ ዛሬ በሰሜን ጎንደር ገጠር ላለ ቤተሰብ ዋናው የሕክምና ዋስትና ይኸው ነው። መዋጮው በቤተሰብ ተተምኖ በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ ምዝገባውና እድሳቱም ብዙውን ጊዜ ከመኸር በኋላ ነው። ያመለጠው ሰው ሲታመም መግቢያ ሊያጣ ስለሚችል ዛሬ ጤነኛ ለሆኑት ዘመዶቻችሁም ደብተሩ መታደሱን ጠይቁ። ከምትልኩት ገንዘብ ሁሉ ትንሹና ብዙ የሚሠራው ይህ የመድን መዋጮ ነው። ድሃ ለተባለ ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል፤ ልጁ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ባትገፋፉ ጥሩ ነው። ቦታው ማንም ለሌለው ይተውለት።

መድኑ የሚሠራው ደረጃውን ጠብቆ ለመጣ ሰው ነው። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ደባርቅ ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሄዳል። “እኔ እከፍላለሁ፣ ቀጥታ ጎንደር ውሰዱት” ስትሉ ሳታውቁት የወራት መብቱን ልታስቀሩበት ትችላላችሁ። የሪፈር ወረቀት ጉዳይ ከተወሳሰበ የሆስፒታሉን የሪፈር አስተባባሪ (ሊየዞን) ክፍል፣ የመክፈል ችግር ካለ ደግሞ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋን ጠይቁ። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ሲኖር መድኑ ይሸፍናል፤ ሲጠፋ ግን “ከግል ግዙ” ይባላል። የእናንተ ገንዘብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ደረሰኙ ይቀመጥ፤ ወረዳው ይመልስ እንደሆነም ይጠየቅ።

መድኃኒት በሻንጣ ለመላክ የምታስቡ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ሕክምና ማስረጃ ቅጂ አትሞክሩት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንንም ቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ትራስቱዙማብ ያሉት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለባቸው መብራት በሚጠፋበት ቤት አንድ ሌሊት ካደሩ ሊበላሹ ይችላሉ።

መድኑ የማይነካው ትልቁ ወጪ መንገዱ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለሚነሣ ግን ደባርቅ መድረሱ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሴሉ ካነሰ ኬሞው ለቀናት ይራዘማል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ “በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ” የተባለ ገበሬ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ምክር ሆስፒታሉ አካባቢ አንዲት ክፍል ለስድስት ወር መከራየት ነው። በየዙሩ ከሚከፈል ሆቴልና ትራንስፖርት ጋር አስተያዩት። አስታማሚውንም አትርሱ፤ ልጁ እናቱን ይዞ ጎንደር ከተቀመጠ ኅዳር ላይ እህሉን የሚያጭድለት የለም። ጎረቤት ደቦ ይወጣለት ይሆናል፤ ካልሆነም የቀን ሠራተኛ ክፈሉለት።

ጨረር ከታዘዘ ሒሳቡ ይለወጣል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጅማና ሐረር ተጨምረዋል። የት መላክ እንደሚሻልና ወረፋው የት እንደሚያጥር የጎንደሩን ሐኪም ጠይቁ። ለማህፀን በር ካንሰር የሚሰጠው ጨረር በተለምዶ 25 ቀን ገደማ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር አምስት ሳምንት ማለት ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ማረፊያ የሚሰጠው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት በደም ካንሰር ሕፃን ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ናቸው። ታማሚው ልጅ ከሆነ ተስፋ አዲስ የወላጆች ድርጅትን ጠይቁ። ሁለቱም ጋ ከሆስፒታል የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መሄድ ነገሩን ያቀላል። ሲኤምኤል ለሚባለው የደም ካንሰር የሚሰጠው ግሊቬክ ደግሞ በማክስ ፋውንዴሽን በኩል ጥቁር አንበሳ ላይ ለዓመታት በነፃ ሲሰጥ ኖሯል፤ ሳትጠይቁ በውድ አትግዙ።

ወጪው ከራሳችሁ ኪስ ካለፈ መዋጮ ይመጣል። ዕድር በአብዛኛው የሚደርሰው ለቀብር ስለሆነ አገር ቤት ያለው ዕድር ያሳክማል ብላችሁ አትመኑ፤ ውጭ ያለው የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችሁ ይሻላል። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሒሳብ አይልክም፤ ዘመቻውን የሚከፍተው ውጭ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ በግልጽ ጻፉ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በባንክ ላኩ፤ ለአዋጪዎቹ የምታሳዩት ደረሰኝም ታገኛላችሁ። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ታማሚዋን ራሷን አስፈቅዱ። ብዙ ቤት ውስጥ ሕመሙ ለታማሚዋ ገና አልተነገረም፤ እናንተ ዋሽንግተን የለጠፋችሁት ደባርቅ ገበያ ለመድረስ ሰዓታት አይፈጅበትም።

ታማሚዋ ጠበል ልሂድ ካለች አትከራከሯት። በዙሮቹ መካከል የትኛው ሳምንት ብርታት እንደሚኖራት ሐኪሟ ይንገራችሁ፤ የመኪናውን ኪራይ በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ጿሚ ከሆነች ደግሞ ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ካዘዘላት በኋላ የነፍስ አባቷ ጾሙን እንዲፈቱላት አስጠይቁ፤ የእንቁላልና የወተቱ ገንዘብም ከክፍሉ ኪራይ ጋር በየወሩ ይላክ።